አያ ሙላት የተሸከሙልኝ ጥፋት

አያ ሙላት ማረፋቸውን የሰማሁት ፒያሳ ላይ ባጃጅ እየጠበቅሁ ሳለ ነው። ስልኬ ጮኸ። የደወለው ደሴ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በፊት ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትምህርት ቤት አብሮኝ ያስተምር የነበረ። ሰላም ሳይለኝ «ሰማሽ?» አለኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር ምን እንደሚከተል ይታወቃል።

«አያ ሙላት ትናንት ተቀበሩ። ብዙም አልታመሙ። ሠልስታቸው ነገ ነው።»

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ «ትሄጃለሽ?» ብሎ ጠየቀኝና ትቶኝ ሄደ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠያይቄ፣ በማግስቱ ጧት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ደግ ሰው ስለነበሩ ብቻ አይደለም የማልረሳቸው። ደግ ሰው ሌላም አውቃለሁ። አያ ሙላትን የማልረሳቸው አንድ ፈረስ ስለገደልሁባቸው ነው።

አስፋልቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠግቶ በሚያልፍበት ቦታ ሰፊ መስክ ነበራቸው። ፈረስ አይነግዱም፤ ፈረስ ያስታምማሉ። ከአዘዞና ከቆላድባ ያሉ ባለጋሪዎች ትከሻው የቆሰለ፣ ሰኮናው የታመመ ወይም ሙቀትና ጭነት ያደከመው ፈረስ ሲኖራቸው በአይሱዙ ጭነው ወደ እሳቸው ይልካሉ። ፈረሱ ወር ሁለት ወር ደጋው ላይ ይሰነብትና ሲድን ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል። ይህን ሥራ ማንም አላስተማራቸውም። አባታቸው የጭነት በቅሎ ይነዱ እንደነበርና ከልጅነታቸው ጀምሮ የእንስሳ ቁስል ሲያጥቡ እንደኖሩ ብቻ ነው የነገሩኝ።

ረዥም ነበሩ፤ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ። ክረምት ከበጋ ያንኑ ካኪ ኮትና የጎማ ቦት ነው የሚያደርጉት። ጧት ጧት ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው እየሄዱ ይንበረከኩና ጆሯቸውን ከሆዱ ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ሳያቸው የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው ሣቅ አሉ።

«ሆዱ ሲያወራ እየሰማሁ ነው» አሉኝ። «ሲያጉረመርም ሸጋ ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለ ዕለት ነው።»

ችግራቸው መንገዱ ነበር። ወደ ስሜን የሚሄድ እንግዳ፣ ከጎንደር ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሙሽራ፣ ነፋስ ሊቀበል የቆመ ሹፌር፣ ሁሉም እዚያ ቦታ ላይ ይቆማል። ገደሉን አይቶ ሲጨርስ ፈረሶቹን ያያል። ፈረሶቹ ደግሞ የታመሙ ናቸው፤ ጎድናቸው ይቆጠራል፣ ቁስላቸው ያሳዝናል። ሰውም ይራራል። የራራ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም። ዳቦ፣ ብስኩት ከነላስቲኩ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ከድግስ የተረፈ ድፎ፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰጣል።

አያ ሙላት ይህን ከሩቅ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ዱላቸውን መሬት ላይ መጣል ነበር። «ዱላ ይዤ ብቀርብ ልመታቸው የመጣሁ ይመስላቸዋል» ይላሉ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ይሄዱና የእያንዳንዱን ሰው ጤና፣ የመጣበትን አገር፣ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቃሉ። ሰውየው ሲለሰልስላቸው ቀስ ብለው «ለመሆኑ ዛሬ ጧት ምን እንደበላ ታውቃለህ?» ይሉታል። ማን ያውቃል? ሰውየው አፍሮ ይሥቃል። «እኔ አውቃለሁ። በል እንግዲህ ለእኔ ተውልኝ» ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል።

እኔን ግን እንዲህ ሊሉኝ አልደረሱም።

ለቦታው አዲስ ነበርሁ። ከጎንደር ከተማ ወጥቼ አላውቅም፤ ፈረስ የማውቀው በጋሪ ላይ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድና ስመለስ በመስኩ ዳር አልፋለሁ። አንድ ሰሞን ዳማ የሚባል ቀይ ፈረስ ዓይኔን ያዘው። ሌሎቹ ለምለም ሣር ላይ ተሰማርተው እሱ ብቻ በድንጋይ ካብ በታጠረ ባዶ መሬት ላይ፣ የፊት እግሮቹ በገመድ ታስረው ይቆማል። ፊቱ ጥቂት ድርቆሽ ብቻ አለ። አንገቱን ከካቡ በላይ አሻግሮ ሣሩን ያያል። አራት ቀን አየሁት። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም። እነዚህ የገጠር ሰዎች ሊሞት ነው ብለው ትተውታል አልሁ በልቤ። ጠይቄ ብሆን ኖሮ ነገሩ በሁለት ቃል ይነገረኝ ነበር። አልጠየቅሁም።

በአምስተኛው ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ ግማሽ ቁና ገብስ ገዛሁ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኩ ላይ ሰው አልነበረም። ካቡን ዘለልሁና ገብሱን ፊቱ ላይ ዘረገፍሁት። ዳማ አንገቱን ደፍቶ በላ። መጨረሻ ላይ የቀረውን ከመዳፌ ላይ በከንፈሩ ለቀመው፤ ከንፈሩ ሙቅና ለስላሳ ነበር። ዕንባዬ መጣ። በዚያ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ጧት ሳልፍ ሰው ተሰብስቧል። ዳማ ላብ አጥምቆት ይንከባለላል። ይነሣል፣ ጎኑን ዞሮ ያያል፣ እንደገና ይወድቃል። አያ ሙላት ኮታቸውን አውልቀው በገመድ ይስቡታል፤ «ተነሥ ጌታዬ፣ ተነሥ፣ አትተኛብኝ» ይሉታል። ዓይናቸው ደም መስሎ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ በሞተር ደርሶ መርፌ ወጋው፤ ትንሽ ጠበቀና ለአያ ሙላት ራሱን ነቀነቀላቸው። እሳቸው ተንበርክከው ጆሯቸውን ከሆዱ ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ።

«ዝም ብሏል» አሉ ቀና ሲሉ።

ዳማ ከቀትር በፊት ሞተ። ሐኪሙ ዕቃውን እየሰበሰበ ለቆምነው ሰዎች ነገረን። ዳማ ቆላድባ ሳለ ከእህል ጆንያ ውስጥ ገብቶ ጠግቦ በልቶ ሆዱንም ሰኮናውንም የታመመ ፈረስ ነው። ለምለም ሣር እንኳ እንዳይቀምስ ነበር ለብቻው የታጠረው፤ እንዳይዘል ነበር እግሩ የታሰረው፤ በድርቆሽ ብቻ ሊድን ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። «አንድ ሰው ገብስ አብልቶታል» አለ ሐኪሙ። «ሰዉ ፈረስ እንደ ላም ይመስለዋል። ላም ታመነዥካለች፣ ውሻ ያስመልሳል፤ ፈረስ ግን የዋጠውን መመለስ አይችልም።»

ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

የዳማ ባለቤት ሰይድ ይባላል፤ የቆላድባ ሰው ነው፣ ከገበያ እህል በጋሪ እያመላለሰ የሚኖር። ተደውሎለት በማግስቱ ደረሰ። ደሴና እኔ ከትምህርት ቤት ወጥተን ከጎረቤቱ ጋር ቆመን ነበር። ሰይድ ፈረሱ የተቀበረበትን አዲስ አፈር አየና ወደ አያ ሙላት ዞረ።

«አያ ሙላት፣ አንቱን አምኘ ነበር የላክሁት።»

«እውነትህን ነው።»

«ገብስ እንዳይቀምስ ብየ እኔው በአፌ ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኛል።»

«ታዲያ ማነው የሰጠው?»

አያ ሙላት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ዘንድ ነው የሞተው፤ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ።

«እኮ ማን ሰጠው?»

«መስኩን ያለ ጠባቂ ትቼ ገበያ ሄድሁ። ሌላ የምልህ የለኝም።»

ሰይድ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። «ልጆቼ በእሱ ትከሻ ነው የሚያድሩት» አለ፤ ድምፁ ከመዳፉ ሥር ነበር የሚመጣው። እኔ ከእሱ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ።

አያ ሙላት ወደ ራሳቸው ፈረሶች ሄዱ። ሁለት ብቻ ነበሯቸው፤ አንዲት አሮጊት ባዝራና የእሷ ልጅ የሆነ ግራጫ ወጣት ፈረስ። ግራጫው እዚያው መስክ ላይ የተወለደ፣ ሲጠሩት ከየትም የሚመጣ ነበር። ገመዱን ፈትተው አመጡና ከሰይድ እጅ ላይ አኖሩት። ሰይድ ተነሣ። አላመሰገነም።

«የሰው ፈረስ ለመያዝ የሚሆን እጅ አይዶለም ያንቱ እጅ» አላቸውና ግራጫውን እየሳበ ሄደ።

አያ ሙላት ባርኔጣቸውን እንደያዙ እስኪርቅ ድረስ አዩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ሄድሁ። ልጃቸው ትርንጎ በር ላይ እህል ታበጥራለች። እሳቸው ከውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከመግባቴ «እኔ ነኝ» አልሁና ማልቀስ ጀመርሁ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ከገበያ ስመለስ ከማዶው ጋራ ላይ ሆኜ አይቼሻለሁ። ተጣራሁ፤ ነፋሱ ወደ እኔ ነበር፣ አልሰማሽኝም። ሮጥሁም። ስደርስ አንቺ ሄደሻል፣ እሱም ጨርሶታል።» እግራቸውን ዘረጉና ጉልበታቸውን አሹ። «ይኸ ጉልበት ድሮ ቢሆን ይደርስ ነበር።»

«ለምን ለሰይድ አልነገሩትም? አሁን ልሂድ፤ ሳይሳፈር ልድረስበትና ልንገረው።»

«ዛሬ ተዪው» አሉኝ። «ዛሬ የሆነ ሰው ላይ መናደድ አለበት። አንቺ ለአገሩ እንግዳ ነሽ፤ የመምህርት ስም አንዴ ከጎደፈ ልጁም ወላጁም አይሰማሽም። እኔን እዚህ አገር ሁሉ ያውቀኛል። ሌላ ቀን፣ ሲበርድለት፣ አንቺው ትነግሪዋለሽ።»

እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ከዚያ ቤት ስወጣ ቀልሎኝ ነበር። «ሌላ ቀን» የሚለውን ቃል እንደ ምሕረት ያዝሁት። ያ ሌላ ቀን ስምንት ዓመት ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ስጨርስ መስኩ ላይ ከእሳቸው ጋር መቀመጥ ለመድሁ። ካሣ የምክፍል ይመስለኝ ነበር መሰለኝ። ብዙ ነገር አሳዩኝ፤ የታመመ ሰኮና በእጅ ሲዳሰስ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ቁስል ላይ ዝንብ እንዳይቀመጥ ምን እንደሚደረግ። አንድ ጊዜ አሮጊቷን ባዝራ አሳይተውኝ «ይቺን ከገደል ነው ያወጣኋት» አሉኝ። አንድ መኪና የያዘ ሰው እግሯ ታስሮ ሲያያት አዝኖ ገመዱን በጩቤ በጥሶላት ሄደ። ባዝራዋ ጡሩምባ አስደነገጣትና በአፋፉ ቁልቁል ወረደች። አያ ሙላት ተከትለዋት ወርደው እስከ ማግስቱ ድረስ አልተመለሱም። ይዘዋት ሲወጡ የእግራቸው ጥፍር ወልቆ ነበር።

«ሰውየውን አልረገሙትም?» አልኋቸው።

«ገመዱን ሲቆርጥ አየሁት እኮ። እያለቀሰ ነበር። የሚያለቅስ ሰው እንዴት ይረገማል?»

ሌላ ቀን ደግሞ ሙሽሮች ቆመው ለፈረሶቹ ዳቦ ሲያድሉ አየሁና ከእሳቸው ቀድሜ ሮጥሁ። ጮህሁባቸው። «ልትገድሏቸው ነው እንዴ? አታፍሩም?» አልሁ። ሙሽሪት ደንግጣ ቬሎዋን ሰብስባ ወደ መኪናው ገባች፤ ሁሉም ጥለው ሄዱ። ኮርቼ ዞር ስል አያ ሙላት አዝነው ቆመዋል።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ። «አባረርሻቸው እኮ። ነገ ሌላ ቦታ ሌላ ፈረስ ያበላሉ፤ ምን እንዳጠፉ አልነገርሻቸውም። መምህርት አይዶለሽ?»

በሕይወቴ የተቀበልሁት ከባዱ ተግሣጽ ይህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መስኩ እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ አሥር ፈረስ ነበር፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ሦስት። ከቆላድባ የሚመጣው አይሱዙ ጭራሽ ቀረ። «ምነው ፈረስ አነሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቆላ ያለው ፈረስ ሁሉ ጤና ሆኖ ይሆናል፤ ተመስገን ነው» አሉና ሌላ ወሬ አመጡ። እኔም የነገሩኝን ማመን መረጥሁ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከዚያ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኑሮውም ሲያዋክብ፣ ቀረሁ።

በሠልስታቸው ቀን ከሚኒባስ ስወርድ መስኩ ላይ አንድ ፈረስ ብቻ ነበር፤ ከአሁን አሁን ወደቀ የሚባል የጎረቤት ፈረስ። ትርንጎ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ጧት ጧት መስኩ ላይ ወጥተው ወደ መንገዱ ያዩ ነበር» አለችኝ። «ማንን ነው የሚጠብቁት ስላቸው፣ መኪና ይመጣ እንደሆነ ነው ይሉኛል።»

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ከበሩ አጠገብ፣ ከሰው ሁሉ ተነጥሎ የተቀመጠ ሰው አየሁ። ጢሙ ሸብቷል እንጂ ሰይድ ነበር። ሰላም አልሁትና አጠገቡ ተቀመጥሁ። አላስታወሰኝም።

«ከቆላድባ ድረስ መጡ?» አልሁት።

«ግራጫው ነው ያመጣኝ» አለኝ። «እሳቸው የሰጡኝ ፈረስ። ስምንት ዓመት ልጆቼን ያበላው እሱ ነው። ቂም ይዠባቸው ኖሬያለሁ፤ ግን የፈረሱን ውለታ ልካድ? መሞታቸውን ስሰማ እግሬ አልቆም አለኝ።»

«ምን ቂም?»

«የሰው ፈረስ በቸልታ ገደሉብኝ። ለባለጋሪው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ እሳቸው ዘንድ ፈረስ አትላኩ ብየ። እስከ ዛሬ የሚልክ የለም።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወይም ያን ጊዜ ነው አልገባኝም ማለት ያቃተኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ያወራል፣ ሳህን ይንኳኳል። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አጣብቄ ሁሉንም ነገርሁት፤ ግማሽ ቁናውን ገብስ፣ ካቡን መዝለሌን፣ እሳቸው ሮጠው አለመድረሳቸውን፣ ከሰዓት በኋላ የተነጋገርነውን። ሰይድ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«መቃብራቸው ወዴት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አልነበረም። ሰይድ ከአጥሩ ውጪ ቆመና እኔ በእጄ ያሳየሁትን አዲስ አፈር በአጥሩ ክፍተት አየ። ኮፍያውን በእጁ ጨመደደ።

«አያ ሙላት፣ አውፍ በሉኝ» አለ። «አላወቅሁም። አውፍ በሉኝ።» ደጋግሞ ይህንኑ ይቅርታ ለመነ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ያህል ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ድረስ ቀድሞኝ ሄደ። ከዚያ ቆሞ ፊት ለፊት አየኝ። «አንቺንም አውፍ ብያለሁ» አለኝ። «ግን ቆላድባ ትወርጃለሽ። ስማቸውን ያጠፋሁባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ብቻየን ብነግራቸው፣ ስለሞቱ አዝኖ ነው ይሉኛል።»

በተከታዩ የገበያ ቀን ወረድሁ። ባለጋሪዎቹ ከእህል ተራው ጎን ጋሪያቸውን ደርድረው ጭነት ይጠብቃሉ፤ ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት ይጋረፋል። ሰይድ ሰበሰባቸው። ሃያ ያህል ይሆናሉ። ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ቆሜ አስተምሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን አንዱን ጋሪ ተደግፌ ቆምሁ። ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው፣ ዳማን የገደልሁት እኔ መሆኔን ነገርኋቸው፣ አያ ሙላት እያወቁ ዝም እንዳሉልኝ ነገርኋቸው።

አንድ ሸምገል ያሉ ባለጋሪ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ።

በመንገዱ ሁሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። «ስለቀለለኝ ነው» አልሁ።

ከዚያ ሽማግሌው «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ሌላውም ተከተለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እያንዳንዱ በአፉ እንደመጣለት። ሁለት ሰዎች ግን ፊታቸውን አዙረው ወደ ጋሪያቸው ሄዱ፤ አልፈረድሁባቸውም።

ልሄድ ስዞር ከኋላ አንድ ሰው ጠራኝ። አንዲት ፈረስ ያለ ጋሪ አጠገቡ ቆማለች፤ አንዱን የፊት እግሯን አንሥታ መሬት አታስነካውም።

«መስኩን አሁን ማነው የያዘው?» አለኝ።

«ልጃቸው ትርንጎ ናት።»

«ታውቃለች?»

«እሳቸው የሚያውቁትን ሁሉ ታውቃለች።»

ሰውየው የፈረሲቱን አንገት ዳበሰ፣ እግሯን አየ፣ ሰይድን አየ። ሰይድ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አይሱዙ ላለው ሰው መደወል ጀምሯል።